የጾም ናፍጣ

ካገለገለ የምግብ ዘይት የተሠራ ናፍጣ ሲነድ የድንች ጥብስ ይሸታል ይባላል። አይሸትም። እኔ ከሞተሩ ማርሚታ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ አሽትቼዋለሁ፤ የሚሸተው ዶሮ ወጥ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ምድጃ ላይ ተረስቶ ትንሽ ሲያርር የሚሸተውን ይሸታል። የድንቹን ወሬ የሚያወሩት ሰዎች ሁሉ ከሌላ ሰው የሰሙ ናቸው። ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ከማንም ባላነሰ አንብቤያለሁ፤ አፍንጫውን ጭሱ ውስጥ ያስገባ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም። እኔ አስገብቻለሁ። በፈቃዴ አልነበረም።

እንዴት እዚያ ልቆም እንደቻልኩ ለማስረዳት ከወጥ ቤቴ ቧንቧ መጀመር አለብኝ።

የምኖረው ለንደን ውስጥ ኬኒንግተን፣ የካውንስል (የማዘጋጃ ቤት) ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካውንስሉ ዘይት በዕቃ ማጠቢያው አትድፉ የሚል ደብዳቤ ይልክልናል። እኔ ደግሞ በደብዳቤ የሚመጣ ምክር አልወድም። ዘይቱን ደፍቼ የፈላ ውሃ ካስከተልኩበት የት ይቆማል የሚል የራሴ ሳይንስ ነበረኝ፤ የመስከረም በዓላትን ድስቶች በሙሉ ያጠብኩት በዚሁ ሳይንስ ነው። የት እንደሚቆም ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ሲገባ ታወቀ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ባልዲው ውስጥ ከማጠቢያዋ ወደ ላይ የወጣው ነገር አለ፤ ነጭ፣ ጠጣር፣ የቀለጠ ሻማ የመሰለ። ዶሎረስ ትባላለች። የሆንዱራስ ሰው ናት፤ እዚሁ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታበስላለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ግንኙነታችን ሊፍት ውስጥ ስለ ዝናብ ከመነጋገር አያልፍም ነበር። ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን የሚያስረዱ አራት ምክንያቶች ወዲያው አዘጋጀሁ፤ ከአራቱ ሁለቱ አራተኛ ፎቅ ያሉትን ሰዎች የሚመለከቱ ነበሩ። እሷ ግን ስለ ጥፋት አልጠየቀችኝም።

«ቬሲኖ» አለችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ጎረቤቴ ማለት ነው። «ሌላም አለህ?»

ሌላ ምን እንደምትል አልገባኝም።

«ዘይት። ከምትደፋው ለእኔ ስጠኝ።»

ቧንቧውን የሚከፍተውን ሰው ስንጠብቅ ነገሩን አስረዳችኝ። የተወለደችበት መንደር ከባሕሩ ብዙም ያልራቀ ቆላ ነው። አንድ የበቆሎ ወፍጮ አላቸው፤ ሞተሩ የሚሠራው በናፍጣ ነው። ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ይቆረጣል፤ ናፍጣ አይመጣም፤ ወፍጮው ይቆማል። ከዓመታት በፊት የውጭ ሰዎች መጥተው አጥራችሁን ዙሪያውን ጃትሮፋ ትከሉበት፣ ፍሬው ናፍጣ ይሆናል ብለዋቸው ነበር። ተከሉ። በቀለ። ፍየል እንኳ የማይበላው ነገር ስለሆነ ማንም ሳይነካው አደገ። ፍሬው ሲደርስ ግን የውጭዎቹ ሰዎች አልነበሩም። (እዚህ ላይ ሳቅኩ። እኛም አገር በአንድ ወቅት ጃትሮፋና ጉሎ ትከሉ ተብሎ ነበር፤ ያስተከሉት ሰዎች ሁሉ አንድ አውሮፕላን ተሳፍረው የሄዱ ይመስለኛል።)

አሁን የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ሰው አልጠብቅም ብሏል። የአጥሩን ፍሬ ጨምቀው፣ ከየቤቱና ከከተማው ዶሮ ጠባሾች ያገለገለ ዘይት ሰብስበው፣ ራሳቸው አብላልተው ናፍጣ ሊያደርጉት ነው። የጎደላቸው ማብላያ በርሜልና የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ዶሎረስ ልትሆን ባተርሲ ቅዳሜ ቅዳሜ ትማራለች። በርሜሉን ደግሞ የሚልክ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ ነገር ግን በርሜሉ አንድ፣ የሚፈልጉት መንደሮች ብዙ ናቸው። አፕላይ አድርጋለች። ፈተናው ጥር ላይ ነው፤ ከሰው ወጥ ቤት በተሰበሰበ ዘይት ናፍጣ ሠርታ፣ የመንደሯን ወፍጮ የሚመስል ሞተር በኮሚቴ ፊት ግማሽ ሰዓት ማሠራት አለባት። ካልቻለች በርሜሉ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። የትምህርት ቤቱን ዘይት ኮንትራት የያዘ ኩባንያ ነው የሚወስደው። ባልዲ ይዛ እኔ በር ላይ የቆመችው ለዚህ ነበር።

እኔ በመርህ ደረጃ የዚህ ነገር ተቃዋሚ ነኝ። ሰው እየተራበ ሞተር ማብላት ስህተት ነው ብዬ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ዋና ዋና ነጥቦቹን ቆሜ አቀረብኩላት። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ወፍጮው ሲቆም ሴቶቹ በቆሎውን ተሸክመው ወንዝ ይሻገራሉ» አለች። «ጽሑፍህ ውስጥ እነሱ አሉ?»

አልነበሩም። የጽሑፉን ርዝመት ሳስብ፣ ቦታ ጠቦ ነው ለማለትም አልተመቸኝም። ሰው ሲያፍር ከአቅሙ በላይ ቃል ይገባል፤ እኔም ገባሁ። የእኛ ሰዎች የገና ጾም ሊገባባቸው ነው፤ በጾም ደግሞ ዘይት ነው የሚነግሠው፤ ዘይቱን ለእኔ ተዪው አልኳት።

ባተርሲ ያለው ወርክሾፕ የባቡር ድልድይ ቅስት ሥር ነው። አስተማሪው ኮሊን ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ባቡር ከላይ ሲያልፍ ቃሉን መሃል ላይ ያቆምና ባቡሩ ካለፈ በኋላ ከቆመበት ፊደል ይቀጥላል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረኝ፤ የምትሰበስበው ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ይሁን፣ የእንስሳ ስብ ያለበት ናፍጣ ብርድ ላይ ይረጋል፣ የረጋ ናፍጣ ደግሞ ፊልትሮ ይደፍናል።

በዚህ በኩል አትስጋ አልኩት። የማመጣልህ ‹ፋስቲንግ ኦይል› ነው። በእንግሊዝኛ ‹ፋስት› ጾምም ነው፣ ፈጣንም ነው። ኮሊን ሁለተኛውን ያዘና በየጀሪካኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ‹ፈጣን ዘይት› ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ ስለ ጾመ ነቢያት ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁት። አርባ ሦስት ቀን ሥጋ የለም፤ ወተት የለም፤ ቅቤ የሚባል ነገር ከሐበሻ ቤት ይጠፋል፤ በኃላፊነት እናገራለሁ አልኩት። ራሴ እንደማልጾም መናገሩ አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም። ኮሊን አመነኝ። ጽሑፉን ግን አላጠፋውም፤ ለነዳጅ ጥሩ ስም ነው አለ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ እንሂድ። የሚኖሩት ስትሪትሃም ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለበዓል ድግስ ሲኖራት ማድ ቤቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ስለሆነ ካውንስሉን እስካሁን ‹ቀበሌ› ነው የሚሉት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእሳቸው ፈቃድ አምስት እናቶችን ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ። ኅዳር ላይ ቧንቧ የደፈነ ሰው ታኅሣሥ ላይ ስለ ቧንቧ የሚሰብክ ሆነ። ስለ ለንደን የቆሻሻ መውረጃ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዓሣዎቹ ሳይቀር ተናገርኩ። በመጨረሻም ለየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን አድዬ እንዲህ አልኩ፤ «ከእንግዲህ በማጠቢያው የሚደፋ ቅባት የለም። ሁሉንም እዚህ ውስጥ ጨምሩ።»

ይህችን ‹ሁሉንም› የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

እትዬ አስካለ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ናፍጣው ለምን ይውላል አሉኝ። ለሴቶች ወፍጮ ነው አልኳቸው። «ወፍጮ ከሆነ እሺ» አሉና ሌሎቹን ዞረው አዩአቸው። ከዚያ በኋላ እምቢ ያለ አልነበረም።

ስብሰባው እንዲህ በቀላሉ ያለቀለት ሰው ማጓጓዙ ላይ ይቀጣል። መኪና የለኝም፤ ስለዚህ ዘይቱ ከስትሪትሃም ባተርሲ የሄደው በአውቶቡስ፣ በእኔ ጭን ላይ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አንደኛው ክዳን ላላና ወለሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ወጣ፤ አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር መስመሩም አብሮ ይታጠፋል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እግራቸውን አንስተው፣ እስኪወርዱ ድረስ እንዳነሱ ሄዱ። ሾፌሩ በማይክራፎኑ ዘይት የሚያንጠባጥበው ተሳፋሪ እንዲወርድ ጠየቀ። እኔም እንደሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

የመጨረሻውን ዙር የሰበሰብኩት ከገና ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ነው። በዓሉ ከገባ ቅቤ ስለሚወጣ፣ ንጹሑን የጾም ዘይት አስቀድሜ ልውሰድ ብዬ ነው። ብልሃት መሆኑ ነበር።

ኮሊንና ዶሎረስ ዘይቱን አጥልለው፣ አሙቀው፣ ዘይትን ወደ ናፍጣ ከሚለውጠው መድኃኒት ጋር አብላልተው፣ አጥበው ናፍጣ አደረጉት። እኔ በር ላይ ቆሜ አስተያየት እሰጥ ነበር። ከማሞቂያው አጠገብ ሲታይ እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ ነበር። ኮሊን በጀሪካን ሞልቶ ከበሩ ሥር አስቀመጠው። በሳምንቱ ትንሽ የደፈረሰ መሰለ፤ ዶሎረስ ጠቁማ አሳየችኝ። ብርሃኑ ነው አልኳት።

የፈተናው ቅዳሜ እንደ ለንደን ጥር ቀዝቅዞ መጣ። ለጭሱ ተብሎ የወርክሾፑ በር ወለል ተደርጎ ስለተከፈተ ውስጡና ውጭው አንድ ነበር። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሯ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ናት፤ ሌሎቹ ሁለቱ እሷን እያዩ ነበር የሚጽፉት። እኔ ለክብራቸው ብዬ ያለኝን አንድ ጥሩ የሱፍ ካፖርት ለብሻለሁ።

ዶሎረስ ሞተሩን አዙራ አስነሳችው። ደስ የሚል ድምፅ ነበረው። በቧንቧው ውስጥ የቆየው የማደያ ናፍጣ አልቆ የእኛው ተራ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ሽታው መጣ። ሊቀ መንበሯ እስክሪብቶዋን አቆመችና ምሳ እየተሠራ እንደሆነ ኮሊንን ጠየቀችው። እኔ ሽታውን አወቅሁት፤ ሰው የእናቱን ድምፅ ባልጠበቀበት ቦታ ሲሰማ እንደሚያውቀው ነው ያወቅሁት። ወዲያው ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ሁለት ጊዜ ተናነቀውና ጸጥ አለ።

ኮሊን ፊልትሮውን ፈታ። ውስጡ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ዶሎረስ በጣቷ ጠርጋ አወጣችው፣ አሸችው፣ አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቬሲኖ፣ ይህ እኮ የእኔ ማጠቢያ ነው።»

ኮሊን ጀሪካኑን አዙሮ ‹ፈጣን ዘይት› የሚለውን ጽሑፍ ወደ እኔ አደረገው። አስተማሪ ነበር ብያለሁ። ሊቀ መንበሯ ወረቀቷን አጠፈች። የአንድ መንደር ወፍጮ አብሮ የታጠፈ መሰለኝ። በዚያች ደቂቃ ስለ ሞተር የጻፍኩት ረጅም ጽሑፍ ትዝ አለኝ፤ አንድም የረባ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁበትም።

ዶሎረስ ግን ፊልትሮውን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው ብላ ጠየቀች። ኮሊን ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ቼክ አደረገና ሦስት አለ።

«በእኛ መንደር ሦስት ዲግሪ የሚባል ነገር የለም» አለች። «እናቴ የምታበስለው በአሳማ ስብ ነው፤ ጎረቤቶቿም እንደዚያው። ከየቤቱ የምንሰበስበው ይህንኑ የመሰለ ነው። አገሬን የመሰለ ሙቀት ላይ ፈትኑኝ። አሥር ደቂቃ ታገሱኝ።»

ውሃ ፈላ። ጀሪካኑ ባልዲ ውስጥ ቆመ። ሙቀቱን የሚይዝ ነገር ሲፈለግ የሁሉም ዓይን የእኔ ካፖርት ላይ አረፈ። ወፍራም ነው ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ። ጀሪካኑን ጠቀለሉበት፤ ክዳኑ ደግሞ ያው የአውቶቡሱ ክዳን ነበር። ዛሬም ድረስ ያንን ካፖርት ለብሼ ባቡር ስገባ ሐበሻ ካለ ዞር ብሎ ያየኛል፤ የተራበ ዓይን ነው።

ፊልትሮው ጸዳ፣ ናፍጣው ጠራ፣ ሞተሩ ተነሳ። ግማሽ ሰዓቱን ሞላ፤ ከዚያም አልፎ ማንም ሊያጠፋው አልፈለገም። ወርክሾፑ በሙሉ የገና ማለዳ ሸተተ። አንደኛው የኮሚቴ አባል በአካባቢው ጥሩ ምግብ ቤት እንዳለ በዝግታ ጠየቀኝ።

ሊቀ መንበሯ ግን በመዓዛ የምትታለል አልሆነችም።

«ሞተሩ ሠርቷል» አለች። «እናንተ ግን የሠራችሁትን አታውቁትም።»

እውነቷን ነው። ከዕፅዋት ነው ያላችሁኝ ከእንስሳ ሆኖ ተገኘ፤ መንደሩ ውስጥ በርሜሉ ውስጥ የሚገባውን የማያውቅ ሰው ያለችውን አንዷን ሞተር ይገድላል አለች። ውሳኔዋ ይህ ነበር፤ በርሜሉ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ለማንም አይሰጥም። በዚያ ሳምንት ዶሎረስ ሁለተኛ ናፍጣ ታቀርባለች፤ ግማሹ ስብ ይሁን፣ በየጀሪካኑ ላይ በውስጡ ያለው በትክክል ይጻፍ። ስቡን ከሱቅ ገዝቶ መምጣት አይቻልም፤ ከሰው ወጥ ቤት መሰብሰብ አለበት፤ ምክንያቱም የሚፈተነው ኬሚስትሪው ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት እውነቱን ተናግሮ ይሰጣል ወይ የሚለው ጭምር ነው። የዶሎረስ ትኬት ለዚያው ወር ተቆርጧል። በርሜሉን ይዛ ትሄዳለች፣ ወይም ባዶ እጇን።

እኔ ታዲያ በማግሥቱ ምን አደረግሁ? ጾም የሻረውን ሰው ፍለጋ ስትሪትሃም ወረድኩ። ከየትኛው ቤት እንደሆነ ካወቅሁ ስቡን ከዚያው አገኛለሁ የሚል ስሌት ነበረኝ። ከቅዳሴ በኋላ እናቶች እንደቆሙ እትዬ አስካለን አገኘኋቸውና፣ ጾሙ እንዴት አለፈ፣ ከበድ አላለም ወይ፣ ሐኪም ያዘዘው ሰው አልነበረም ወይ እያልኩ ዙሪያ ዙሪያውን ሄድኩ።

«ልጄ፣ የምትጠይቀኝን ጠይቅ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዘይቱ ውስጥ ቅቤ ተገኝቷል፤ እንግዲህ አንዱ ቤት ውስጥ ጾሙ ትንሽ ሳይላላ አልቀረም። ቃሉን በተቻለኝ መጠን አለስልሼዋለሁ።  ከእናቶቹ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንተ ነህ የእኔን ጾም የምትቆጥረው?» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እስቲ ንገረኝ፤ ለገና የሚሆን ቅቤ መቼ ነው የሚነጠረው? ሕዝቡ ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው?»

መልሱንም ራሳቸው ሰጡኝ።

«በጾሙ ነው። አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ አነጠርኩ፤ በጣቴ እንኳ አልቀመስኩም። ከታች የቀረውን ዝቃጭ የት ልድፋው? በማጠቢያው እንዳትደፉ፣ ሁሉንም እዚህ ጨምሩ ያለው ማነው? ቀበሌው ነው?»

‹ሁሉንም›። እኔ ነኝ ያልኩት። አምስቱም ቤት አንጥሯል፤ አምስቱም ቤት ቃሌን አክብሮ ጨምሯል። ይህን ያህል ዓመት ስለ ጾም አንብቤ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው፤ የሚጾም ቤት ቅቤ የሌለበት ቤት አይደለም። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ከሚጾም ቤት የበለጠ ቅቤ ያለበት ቤት የለም። አይነካም እንጂ፣ አለ። ይህንን ለማወቅ አንድ ጊዜ መጾም፣ ወይም አንድ ጊዜ ማድ ቤት መግባት ይበቃ ነበር።

በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጀሪካኖቼ በሩ አጠገብ ተደርድረው አገኘኋቸው። በሳሙና ታጥበዋል፤ ተገልብጠዋል። ‹ፈጣን ዘይት› የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ተፈግፍጎ ጠፍቷል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።

ለዶሎረስ ስነግራት ካፖርቷን ለበሰችና የእትዬ አስካለን ቤት አድራሻ ተቀበለችኝ። እትዬ አስካለ ስፓኒሽ አያውቁም፤ እሷ አማርኛ አታውቅም፤ የሁለቱም እንግሊዝኛ የየራሱ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ቆየች። ምን እንደተባባሉ ዛሬም አላውቅም። አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጅቷ ምን አጠፋች» አሉ እትዬ አስካለ። «ወንዝ ተሻግሮ ማስፈጨት ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ። ለእሷ እንሰጣለን። አንተ ግን ያማኸን ሰው ፊት ነው። ትጽፍ የለ? ሰው ፊት ጻፈው።»

ይኸው ጻፍኩ። ስትሪትሃም ያሉት እናቶች ጾማቸውን አልሻሩም። ቅቤውን ዘይቱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በአንዲት ቃል ጨመርኩት። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ሁዳዴ ገብቷል፤ ፋሲካም ሩቅ አይደለም። የአምስት ቤት ዝቃጭ የጀሪካን ግማሽ አይሞላም፤ ዶሎረስ የሚያስፈልጋት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እናንተ ደቡብ ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለበዓሉ ቅቤ ስታነጥሩ ከታች የሚቀረውን አትድፉት። ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ላዩ ላይ ‹ቅቤ› ብላችሁ ጻፉበት፤ አምጡልኝ። ስለ ጾማችሁ አንድም ነገር አልጠይቅም።